ዶሮዋ ኬጅ ውስጥ ስትገባ ምን ይዛ ትገባለች?

ከተማ ውስጥ ዶሮ ማርባት የጀመረ ሰው ሁሉ ትንሽ ቆይቶ የሚያነሳት አንዲት ጥያቄ አለች። «ዶሮዎቼ እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ምን ላድርግ?» የ45 ቀን ጫጩት ገዝቷል። ቤት አሰናድቷል። መኖው በሰዓቱ ይቀርባል፤ ክትባቱም አልተዛነፈም። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ሲከፍት ግን አንዷ ጀርባዋ ተገሽልጦ፣ ቂጧ ደም በደም ሆኖ ያገኛታል። ከዚያ ምክር ይጎርፋል። ጨው ስጣቸው፣ አምፖሉን ቀይ አድርገው፣ መንቁራቸውን ቁረጠው፣ መኖው ፕሮቲን ጎድሎታል፣ ኧረ በሽታ ነው! አንዳንዱ ምክር እውነት አለው። የመኖ ጉድለት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ብርሃን ሲበዛም እንዲሁ። ዶሮዋ ራሷ ምን ፈልጋ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

ዶሮ ምን ትፈልጋለች ብሎ መጠየቅ ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስላል። ዶሮ ናታ! «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» እየተባለ የሰማን ሰዎች ነን። ጊዜው ግን ለቀልድ አይመችም። የሌማት ትሩፋት ኅዳር 2015 ዓ.ም አርባ ምንጭ ላይ ሲጀመር ዶሮና እንቁላል ከወተትና ከማር ጋር ዋና ሥራ ተብለው ተያዙ። ከዚያ ወዲህ ወጣቱ ተደራጅቶ፣ ጡረተኛው ግቢው ውስጥ፣ ባለሀብቱም ሼድ ሠርቶ ገብቶበታል። አገራችን ካሏት ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች አብዛኞቹ ዛሬም ከግቢ ግቢ እየዞሩ የሚጭሩ የሐበሻ ዶሮዎች ናቸው፤ አካሄዱ ግን ወደ ዝግ ቤትና ኬጅ ወደሚባለው የሽቦ ሳጥን ነው። እኔ ይህን አልቃወምም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው፤ በዚያ ከተማ ሙሉ ሰው አይመገብም። ቅር የሚለኝ ስለ ዶሮ ሳናውቅ የዶሮ ቤት መሥራታችን ነው። ዶሮዋ እዚያ ቤት ስትገባ ጭንቅላቷን በር ላይ ጥላ አትገባም።

ከመጫር እንጀምር። የቤት ዶሮ ቅድመ አያት የደቡብ ምሥራቅ እስያዋ ቀይ የጫካ ዶሮ ናት። እኛ ጋ የደረሰችውም ዛሬ አይደለም። ትግራይ ውስጥ መዝብር ከተባለው የቅድመ አክሱም መንደር የተቆፈሩት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ዘመን የነበሩ ናቸው። በአፍሪካ ከተገኙት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ በዕድሜ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይመደባሉ። ያቺ የጫካ ዶሮ ነቅታ ከምትውልበት ሰዓት ከግማሽ የሚበልጠውን የምታሳልፈው መሬት ስትጭርና ስትለቅም ነው። የሚገርመው፣ ጥሬ እየቀረበላት እንኳ ይህን አትተውም። በሺህ ዓመታት እርባታ ብዙ ነገሯ ተለውጧል፤ ይህ ግን አልወጣላትም። በዓመት 300 እንቁላል የምትጥለው የፈረንጅ ዶሮም ይዛዋለች።

እንግዲህ አስቡት። የተፈጨ መኖ ስለሚቀርብላት በአጭር ጊዜ ትጠግባለች። የመጫርና የመንቆር ፍላጎቷ ግን በጥጋብ አያልቅም። ወለሉ ሽቦ ወይም ባዶ ሲሚንቶ ሲሆን ፊቷ የቀረው የሚነቆር ነገር የጎረቤቷ ላባ ብቻ ነው። አጥኚዎቹ ላባ ነቀላን ከጠብ ይለዩታል። ጠብ ሲሆን ዶሮ የምትነቁረው ራስ ላይ፣ ኩክኒ ላይ ነው። ላባ ነቀላው ጀርባና ጭራ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቁጣ የለበትም፣ ተረጋግታ ቁጭ ብላ ነው የምትነቅለው። ስለዚህ ቁስሉ የት ላይ እንዳለ አይታችሁ ብቻ ብዙ ነገር ማወቅ ትችላላችሁ። ራስ ላይ ከሆነ የማዕረግ ጠብ ነው። ጀርባና ጭራ ላይ ከሆነ ሥራ መፍታት ነው። (አውራ ዶሮ አብሯቸው ካለ ጀርባቸውን እሱም ሊልጠው ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።) መንቁር መቁረጥ ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ ፍላጎቱን አያጠፋውም። መንቁሩ ደግሞ ጥፍር አይደለም፤ ጫፉ ድረስ ነርቭ አለው፣ ያማል።

የማዕረጉን ነገር ለሳይንስ ያስተዋወቀው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የሚባል ኖርዌያዊ ነው። ገና ልጅ ሳለ ነበር ማን ማንን እንደምትነቁር ደብተር ላይ መመዝገብ የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1921 የዶክትሬት ጽሑፉ አደረገው። ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው። ቀዳሚዋ ሁሉንም ትነቁራለች፣ ሁለተኛዋ ከቀዳሚዋ በቀር ሁሉንም፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻዋ ዶሮ ይወርዳል። አንዳንዴ ደግሞ ሦስት ዶሮዎች ይዞርባቸዋል፤ አንደኛዋ ሁለተኛዋን፣ ሁለተኛዋ ሦስተኛዋን፣ ሦስተኛዋ ተመልሳ አንደኛዋን ትገዛለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዶሮ ጓደኛዋን በመልክ ስለምታውቅ ነው። «ይቺ ትበልጠኛለች፣ ያቺን እበልጣታለሁ» የሚለውን ባታስታውስ ኖሮ ጠቡ በየማለዳው ከዜሮ በጀመረ ነበር።

ከማስታወስም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ካናዳ ውስጥ በተሠራ ሙከራ አንዲት ዶሮ አለቃዋን እንግዳ ዶሮ ስትደበድባት እንድታይ ተደረገ። ከዚያ ከዚያች እንግዳ ጋር ስትገናኝ አልሞከረቻትም፤ ገና ሳይነኳት ተሸነፈች። አለቃዬን ካሸነፈች እኔንማ ማለት ነው። ይህን የምትል ፍጥረት ቤት ውስጥ በየሳምንቱ አምስት አምስት አዲስ ዶሮ እየጨመርን «ለምን አይረጉም?» ብንል ጥፋቱ የማን ነው? መንጋ ሲረጋ ጠብ ይቀንሳል፤ አዲስ ዶሮ በገባች ቁጥር ሒሳቡ እንደገና ይከፈታል። ሺህ ዶሮ ባለበት ቤት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሁሉንም ማወቅ ስለማይቻል የኩክኒና የአካል ትልቀት እያዩ ይገምታሉ፣ አብዛኞቹም ዝም ብለው ይተላለፋሉ።

አውራ ዶሮው ደግሞ የራሱ ፖለቲካ አለው። ጎህ ሲቀድ የሚጮኸው ብርሃን አይቶ ብቻ ይመስለን ነበር። የጃፓኑ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2013 አውራ ዶሮዎችን ቀንና ሌሊቱ በማይለይ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አስቀመጧቸው። ዶሮዎቹ በሰውነታቸው ሰዓት እየተመሩ በዚያው በማለዳው ጊዜ ይጮኹ ነበር። (ኪዳን ለማድረስ በዶሮ ጩኸት ለሚነሳ የገጠር ቄስ ይህ ብዙም ዜና አይሆንም።) ለኔ ይበልጥ የገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ነው። ቀድሞ የሚጮኸው የበላዩ ነው። ሌሎቹ በየማዕረጋቸው ተራ ጠብቀው ይከተላሉ። የበላዩ ከመሃል ሲወጣ ሁለተኛው በበነጋው ቀዳሚ ይሆናል።

ጭልፊት ሲመጣም እንዲሁ በዘፈቀደ አይጮህም። ከሰማይ ለመጣ ጠላት አንድ ዓይነት ድምፅ አለው፤ በምድር ለመጣ ውሻ ወይም ሸለምጥማጥ ሌላ ዓይነት። ድምፁ ብቻ በስፒከር ሲሰማቸው እንኳ ሴቶቹ በመጀመሪያው ጎንበስ ብለው ሽቅብ ያያሉ፣ በሁለተኛው ቀና ብለው ዙሪያቸውን ይቃኛሉ። ጩኸቱ ደግሞ ሰሚ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ጀርመን ቦን ውስጥ 58 አውራ ዶሮዎች ተፈተኑ። በላያቸው የጭልፊት ምስል ሲያልፍ፣ ከሽቦው ማዶ ሌላ አውራ ዶሮ የሚታያቸው ከሆነ በድምሩ 77 ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጮኹ። ብቻቸውን ሲሆኑ 17 ጊዜ ብቻ። በሌላው ዶሮ ፋንታ መስተዋት ሲደረግስ? 25 ጊዜ። መስተዋት ውስጥ ያለውን «ሌላ ዶሮ» አላስጠነቀቁትም ማለት ነው። ራሱን አውቆ ነው? አጥኚዎቹ ራሳቸው እዚያ ድረስ አልደፈሩም፤ የሚያደርገውን ሁሉ የሚያደርግ እንግዳ ዶሮ መስሎትም ሊሆን ይችላል። ብቻ ለማን እንደሚጮህ ያውቃል።

ውሸትም አለው። አውራ ዶሮ ጥሬ ሲያገኝ «ኩክ ኩክ» እያለ፣ ጥሬውን እያነሳ እየጣለ ሴቶቹን ይጠራል። ሴት አጠገቡ ስትኖር ይበረታል። አልፎ አልፎ ምንም የሚበላ ነገር ሳይኖር ይጠራል፤ ስትመጣለት ዓላማው ሌላ ነው። ሴቶቹ ግን ቀልደኛውን ቶሎ ይለዩትና ጥሪውን መናቅ ይጀምራሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮዛ ሩጋኒ፣ ሉቺያ ሬጎሊንና ጆርጆ ቫሎርቲጋራ የተባሉ የጣሊያን ተመራማሪዎች ከተፈለፈሉ ጥቂት ቀን ብቻ የሆናቸውን ጫጩቶች ፈተኑ። ጫጩቶቹ ከአምስት ትንንሽ ኳሶች ጋር ስላደጉ ኳሶቹን እንደ ቤተሰብ ይከተላሉ። ሦስቱ ኳሶች ከአንድ ከለላ ጀርባ፣ ሁለቱ ከሌላ ከለላ ጀርባ ተደበቁ። ጫጩቶቹ ወደ ሦስቱ ሄዱ። ከዚያ ኳሶቹ ጫጩቷ እያየች ከአንዱ ከለላ ወደ ሌላው አንድ በአንድ ተዘዋወሩ። አሁን ብዙው የት እንዳለ ለማወቅ ከዚህ ቀንሶ እዚያ መደመር ያስፈልጋል። ጫጩቶቹ በአብዛኛው አልተሳሳቱም። መታገሥም ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት ዶሮዎች 2 ሰከንድ ጠብቀው ጥቂት ከመብላት 6 ሰከንድ ጠብቀው ብዙ መብላትን መርጠዋል፤ የኋለኛው ምግብ በእርግጥ የሚያዋጣ ሲሆን ነው እንጂ ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን አልለፉም። እኔ ይህን ሞኝነት ልለው አልችልም።

እዚህ ላይ ግን ፍሬን እንያዝ። «ዶሮ ከአራት ዓመት ሕፃን ትበልጣለች» የሚሉ ርዕሶች በየቦታው ይዞራሉ። አትመኗቸው። ጫጩት በተፈለፈለች ማግሥት በእግሯ የምትሄድና ራሷን የምትመግብ ፍጥረት ናት፤ ቶሎ ማወቅ አለባት። የሰው ልጅ ዝግ ብሎ ያድጋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ማን በለጠ ማለት ለጠቅታ እንጂ ለዕውቀት አይረዳም። ስለ ዶሮ አእምሮ በብዛት የሚጠቀሰውን የእ.ኤ.አ. 2017 ዳሰሳ የጻፈችው ሎሪ ማሪኖ ለእንስሳት የምትሟገት ሳይንቲስት መሆኗንም ማወቅ ጥሩ ነው፤ የሰበሰበቻቸው ጥናቶች እውነተኛ ናቸው፣ አቀራረቧ ግን ወደ አንድ ወገን ያደላል። በአንጎል ሴል ቁጥር ብንሄድ ቀይዋ የጫካ ዶሮ ወደ 220 ሚሊዮን ነርቭ ሴል አላት፤ ትልቁ አይጥ፣ አይጠመጎጥ፣ ወደ 200 ሚሊዮን ነው ያለው፣ ትልቁ ቁራ ግን ከ2 ቢሊዮን ያልፋል። ሊቅ አይደለችም እንግዲህ። ግን የሚሰማት፣ የምታስታውስ፣ የምትጠብቅ፣ የምታሰላ ናት። ቤቷን ለመሥራት ይህን ማወቅ በቂ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የእናትነቱ ነገር ነው፤ በዝምታ እያለፈ ያለው እሱ ነውና። እናት ዶሮ 21 ቀን ስትታቀፍ ማሞቅ ብቻ አይደለም ሥራዋ። ጫጩቱ ሊወጣ ሲል እንቁላሉ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፣ እሷም ትመልስለታለች። ሲወጡ የሚበላውን ታሳያቸዋለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ክሪስቲን ኒኮልና ባልደረባዋ ያሳዩት ደስ ይላል። እናቲቱ አንዱን ቀለም መኖ መጥፎ መሆኑን እንድታውቅ ተደረገ፤ ከዚያ ጫጩቶቿ ያንን «መጥፎ» መኖ ሲበሉ ስታይ ጥሩው መኖ ላይ መጫሯንና መጥራቷን አበዛች። ተሳስታችኋል፣ ወደዚህ ኑ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጫጩቶቹ ላይ ቀላል አየር እፍ ሲባልባቸው የምታይ እናት የልብ ምቷ ጨመረ፣ ጫጩቶቿን መጣራት ያዘች። እሷ ላይ ምንም አልተደረገም።

ብርሃንም አለ። ሊፈለፈል ጥቂት ቀን የቀረው ጫጩት እንቁላሉ ውስጥ አንገቱን የሚያጥፈው ግራ ዓይኑ በሰውነቱ ተሸፍኖ፣ ቀኝ ዓይኑ ወደ ቅርፊቱ እንዲዞር ሆኖ ነው። እናቱ ለመብላት ለአፍታ ስትነሳ ብርሃን በቅርፊቱ አልፎ ቀኝ ዓይኑን ያገኘዋል። ያቺ ትንሽ ብርሃን የአንጎሉን ግራና ቀኝ ሥራ ታከፋፍላለች፤ በቀኝ ዓይን ጥሬን ከጠጠር መለየት፣ በግራ ዓይን ጠላትን መጠበቅ። አውስትራሊያዊቷ ሌስሊ ሮጀርስና ጓደኞቿ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳዩት ብርሃን አግኝተው የተፈለፈሉ ጫጩቶች እየለቀሙ ሰማዩንም ሲጠብቁ፣ በጨለማ የተፈለፈሉት ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ከበዳቸው። ብዙው የመፈልፈያ ማሽን ውስጡ ጨለማ ነው። ኬጅ ውስጥ ለምትኖር ዶሮ ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ከማሽን ወጥታ፣ ያለ እናት አድጋ፣ በ45 ቀኗ ጭላት ወደሚያንዣብብበት የገጠር ግቢ ለምትላክ ዶሮ ግን ሊያሳስበን ይገባል። የተሻሻለው ዝርያ «ጭልፊት አያውቅም» እያሉ የሚያማርሩ ገበሬዎች ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል፤ ዶሮዋን ማን አስተማራት?

እናቶቻችን የታቀፈች ዶሮን ከመታቀፍ የሚያስተዉበት ዘዴ አላቸው። ውሃ ውስጥ መንከር፣ ጎረቤት ወስዶ መተው፣ ቁልቁል ማንጠልጠል፣ አፍንጫዋ ላይ ላባ መሰካት። እንቁላል ቶሎ እንድትጥል ነው። መታቀፍን የሚያቆየው ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ነው፤ ሆርሞኑ ደግሞ ደረቷና ሆዷ እንቁላሉን ሲነካ፣ ጎጆዋንም ስታይ ይጸናል። ስለዚህ ከጎጆዋ ማራቁና ሆዷን ማቀዝቀዙ ይሠራል። አፍንጫዋን መውጋቱና መዘቅዘቁ ሥቃይ ብቻ ነው፤ ብርድ በሚያሳልፍ የሽቦ ወለል ላይ መኖና ውሃ ሰጥቶ ጥቂት ቀን ማቆየት ይበቃታል። የፈረንጇ ዶሮ ይህ ጣጣ የለባትም። በምርጫ እርባታ መታቀፍን ከውስጧ አውጥተውላታል። ለእንቁላል ነጋዴው ጥሩ ነው፤ ራሷን መተካት ግን አትችልም፣ ጫጩቱ ሁሌም ከማሽን ይመጣል።

የ300 እንቁላሉ ዋጋም አካሏ ላይ ይታያል። የጫካዋ ዶሮ በዓመት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት እንቁላል ያህል ነው የምትጥለው። የቅርፊቱ ካልሲየም ከየትም አይመጣም፤ ከመኖዋ ነው፣ ከአጥንቷም ነው። ዴንማርክ ውስጥ ወደ 4,800 ዶሮዎች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናት 85 በመቶ ያህሉ የደረት አጥንታቸው ተሰብሮ ተገኝቷል። ኬጅ ያሉትም ነጻ የሚለቀቁትም። ስለዚህ «ከኬጅ ካወጣናት አለቀ» የሚለውም የተሟላ አይደለም።

አውሮፓ ባዶውን ኬጅ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከልክሏል። ያ ኬጅ ለአንዲት ዶሮ የሚሰጣት 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ፎቶ ኮፒ ከምናደርግበት ኤ4 ወረቀት ያነሰ ማለት ነው። አሁን የሚፈቀደው 750 ነው፣ ከጎጆ፣ ከቆጥና ከሚጫር ነገር ጋር። ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚጠጋ ዜጋ ፈርሞ ኬጅ ጭራሽ ይቅር ሲል የአውሮፓ ኮሚሽን በ2023 መጨረሻ ሕግ አቀርባለሁ ብሎ ነበር፤ ዓመቱ አለቀ፣ ሕጉ አልቀረበም። ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በሕዝብ ድምፅ ወስና ከ2022 ጀምሮ የኬጅ እንቁላል እንዳይሸጥ አድርጋለች። እነሱ የሚያፈርሱትን ኬጅ እኛ አዲስ ብለን ብንገዛ ያሳዝናል። ገና እየሠራን ስለሆነ የመምረጥ ዕድል አለን።

ግቢው ገነት ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የሐበሻ ዶሮ ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሳያድጉ ይሞታሉ፤ ፈንግል አለ፣ ጭልፊት አለ፣ ድመት አለ፣ ዝናብ አለ። ፈንግል አንድ ጊዜ ሲገባ መንደር ሙሉ ዶሮ ይጠርጋል። ቢሾፍቱ የሚመረተውን ክትባት በጊዜው ማግኘት ለገጠር ዶሮ ደኅንነት ከማንኛውም ጥናት በላይ ይጠቅማታል። ደብረ ዘይት ላይ የሆሮ ዶሮን ትውልድ በትውልድ እየመረጡ እንቁላሏን የጨመሩበት ሥራም አለ፤ ለአገሩ የተፈጠረችውን ዶሮ ማሻሻል ስለሚቻል ሁሉን ከውጭ ማስገባት ግድ አይደለም።

ዶሮዎቹ ላባ መነቃቀል ለያዙበት ሰው ግን መልስ አለኝ። ኬጅ ካልሆነ ወለሉ ላይ ወፈር ያለ ጉዝጓዝ ያንጥፍ፤ ጭድም ይሁን ሰጋቱራ፣ ደረቅ ይሁን። ከመኖው ትንሽ ጥሬ ጉዝጓዙ ላይ ይበትን፣ ፈልገው ይልቀሙ። ጎመን አንጠልጥሎ መተውም ይሠራል። አመድ ወይም ደረቅ አፈር በሳጥን ያስቀምጥላቸው፣ ይንከባለሉበታል፤ ቅማልም ይቀንሳል። ቆጥ ይሥራ፤ ማታ ዶሮ አይታያትምና ከፍ ብላ ካላደረች አትረጋጋም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በጫጩትነት የሚደረገው ነው። ዴንማርክና እንግሊዝ ውስጥ በተሠሩ ጥናቶች ጫጩቶች ሙቀቱን የሚያገኙት በመጋረጃ ከተጋረደ ጨለማ ቦታ ሲሆን፣ አድገው ላባ መነቃቀላቸው በጣም ቀንሷል። ምክንያቱ የሚገባ ነው። እናት ክንፍ ሥር የገባ ጫጩት በጨለማ ይተኛል፣ የነቁት ደግሞ የተኙትን አይነቁሩም። በአምፖል ሥር ግን የተኛውም የነቃውም አንድ ላይ ነው፤ መነቃቀሉ እዚያ ይለመዳል። የሚያስደስተው ነገር፣ መብራት በሌለበት የገጠር ቀበሌ ግብርና ባለሙያዎች ሲያስተዋውቁት የኖሩት በጭድ የተሞላው የጫጩት ማሳደጊያ ሳጥን፣ ሀይ ቦክስ የሚባለው፣ ለሙቀት ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ውስጡ ጨለማ ነው። በኔ ግምት ሳናውቀው ትክክለኛውን ነገር ይዘናል። መብራት ገባ ብላችሁ አትጣሉት።

የበዓል ሰሞኑንም ሳላነሳ አላልፍም። ገብስማው፣ ወሰራው፣ ቀዩ እግሩ ታስሮ፣ አምስት ስድስት ሆኖ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይዞራል። ዶሮ እንደኛ ደረቷንና ሆዷን የሚለይ ዲያፍራም የላትም፤ ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ የአየር ከረጢቶቿ ላይ ይወርድባታል። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ የተለካው ግልጽ ነው፤ ተዘቅዝቀው የተያዙት ቀጥ ብለው ከተያዙት ይልቅ የጭንቀት ሆርሞናቸው ከፍ ብሏል። ዝም ስትል «ተረጋጋች» እንላለን። ፈዛ ነው። ጎኗን ደግፎ በብብት መያዝ ወይም አየር የሚያስገባ ካርቶን ውስጥ ማድረግ ምንም አይከብድም።

የመጨረሻው ጉዳይ ማንም የማያነሳው ነው። ለእንቁላል ብቻ የተዳቀለች ዶሮ ወንድሞች አሏት፤ እንቁላል አይጥሉ፣ ሥጋቸው አያዋጣ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 7 ቢሊዮን የሚገመቱ ወንድ ጫጩቶች በተፈለፈሉበት ቀን ይገደላሉ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ይህን ከልክላለች፤ አሁን ፆታውን እንቁላሉ ውስጥ ሳለ የሚለይ ማሽን ይጠቀማሉ፣ ወይም ለእንቁላልም ለሥጋም የሚሆን ዝርያ ፍለጋ ገብተዋል። እኛ ጋ ለገበሬው የሚከፋፈሉት እንደ ሳሶና ኮይኮይክ ያሉት ዝርያዎች አብዛኞቹ ድሮውኑ ለሁለቱም የሚሆኑ ናቸው፤ ወንዱ ያድግና ለፋሲካ ይሸጣል። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያለ የእንቁላል ብቻ ዝርያ በሰፋ ቁጥር ግን የጀርመኖቹ ጥያቄ የኛም ይሆናል። መፈልፈያ ጣቢያ ለመክፈት ፈቃድ የሚጠይቅ ባለሀብት ወንዶቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ያኔውኑ ቢጠየቅ መልካም ነው።